ጥንቸሉ ካሮቱን ከአፉ እየጣለ ነው፤ ጥርሱን ልቁረጥለት?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ልጆቼ «ነጮ» የሚሉት፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ጥንቸል አለን። የሚበላው በውሃ የታሸ ፉርሽካ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ አንዳንዴም የዳቦ ፍርፋሪ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ካሮቱን ያነሳና ትንሽ አኝኮ ይጥለዋል። አገጩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የታችኛው የፊት ጥርሱም ረዝሞ ወደ ውጭ የወጣ ይመስለኛል። ጎረቤቴ «በጥፍር መቁረጫ ቁረጪለት» አለችኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ድርቆሽ ብቻ ስጪው፣ ራሱ ይስተካከላል» አለኝ። የቱ ነው ልክ? ድርቆሽስ ጅማ ውስጥ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጥፍር መቁረጫውን ይተዉት። ነጮን ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዱት። የድርቆሹ ምክር ትክክል ነው፤ ለአሁኑ ችግር ግን ብቻውን አይበቃም። ድርቆሽ ጥርስ እንዳይበላሽ ይጠብቃል እንጂ የቆሰለ አፍ አያድንም። አፉ ውስጥ ቁስል ካለ ማኘክ ያመዋል። ስለዚህ ደረቅ ሳር ሲያቀርቡለት አሽትቶ ይተወዋል። እርስዎም «ድርቆሽ አይወድም» ብለው ወደ ፉርሽካው ይመለሳሉ። ይህ በብዙ ቤት የሚሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አፉ ይታይ፣ ከዚያ ምግቡ ይቀየር።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባዎት ስለ ጥርሱ ትንሽ ላውራ።

ጥንቸል 28 ጥርስ አለው። እኛ የምናየው ከፊት ያሉትን አራቱን ብቻ ነው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ከላይኞቹ ጀርባ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተደብቀዋል። የቀሩት 22 የመንጋጋ ጥርሶች ናቸው፤ ጉንጭ ውስጥ ስለሆኑ ከውጭ አይታዩም። የሰው ጥርስ አንዴ ወጥቶ እድገቱን ያቆማል። የጥንቸል ጥርስ ግን ሥሩ ክፍት ስለሆነ ፊትም ኋላም ያለው ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የፊት ጥርሱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። የሚሞርደው ነገር ካጣ በዓመት ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል ማለት ነው። የኋላዎቹ ቀስ ይላሉ እንጂ እነሱም አያቆሙም።

ጥርሱን የሚሞርደው ሳር ነው። ሳር ውስጥ ሲሊካ አለ፤ አሸዋ የተሠራበት ማዕድን ማለት ነው። ሳር በባዶ እጅ ሲጎትቱ ጣትዎን ሸርከት አድርጎዎት ከሆነ ሥራውን አይተውታል። ግን ሲሊካው ብቻውን አይደለም። ዋናው ነገር አስተኛኘኩ ነው። ጤነኛ ጥንቸል ሳር ሲበላ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱት። አንዱን ዘለላ በጫፉ ይይዘዋል፣ ሳሩ ሳይቆም ወደ ውስጥ ይገባል፣ የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ወፍጮ ላይ እንዳለ መጅ ከጎን ወደ ጎን ይሄዳል። በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ ያኝካል። የላይኛውና የታችኛው የመንጋጋ ጥርስ ሙሉ ገጻቸው እየተፋጨ እኩል የሚያልቀው በዚህ እንቅስቃሴ ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ ጥንቸል ፉርሽካ ሲበላ ይዩት። መንጋጋው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨፈልቅና ይውጠዋል። በአምስት ደቂቃ ሆዱ ይሞላል። ሳር ቢሆን ኖሮ ያንን ሆድ ለመሙላት ሰዓታት ይፈጅበት ነበር። ካሮትም ቢሆን ጠንካራ ይመስላል እንጂ ያው ነው፤ ከፊት ይቆርጠዋል፣ ከኋላ ይጨፈልቀዋል። ላዩ ሲጠነክርብን ጥርስ የሚሞርድ ይመስለናል። እንጨትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «እንጨት ስጡት፣ ይፋቅበት» ይላል። እንጨት መጥፎ አይደለም፤ ሥራ ፈትቶ እንዳይሰለች ያደርገዋል። ግን የሚነካው የፊት ጥርሱን ብቻ ነው። ችግሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኋላ ነው።

የኋላ ጥርሶች እኩል ሳይፋጩ ሲቀሩ ጠርዛቸው ላይ እንደ መርፌ የሾለ ነገር ይወጣል። የታችኞቹ ወደ ምላስ ይሾላሉ፣ የላይኞቹ ወደ ጉንጭ። ባኘከ ቁጥር ይወጉታል። ነጮ ካሮቱን አንስቶ የሚጥለው ይህ ስለደረሰበት ይመስለኛል። ርቦታል፣ ስለዚህ ያነሳል፤ ያመዋል፣ ስለዚህ ይጥላል። ለሃጩ የሚዝረበረበውና አገጩ የሚርሰውም መዋጥ ስለሚያቅተው ነው። የኋላዎቹ ሲረዝሙ ደግሞ አፉ ገጥሞ አይዘጋም፤ የፊቶቹ ይተላለፋሉ፣ የሚገናኙበት ስለማያገኙም ዝም ብለው ይረዝማሉ። እርስዎ ያዩት የታችኛው ጥርስ ይሄ ከሆነ ምልክቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ምልክቱን ቢቆርጡት በሽታው ኋላ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

በጥፍር መቁረጫ መቁረጥ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የጥንቸል ጥርስ ሲጫኑት ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እስከ ሥሩ ከወረደ ነርቩ ይጋለጣል፣ ጀርም ይገባል፣ ከጊዜ በኋላ መንጋጋው ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ይወጣል። የጥንቸል መግል ደግሞ ወፍራም አይብ የሚመስል ነው፤ በስቶ ማፍሰስ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ሐኪም የፊት ጥርስ ማሳጠር ካለበት በሚሽከረከር መሞረጃ ነው የሚሠራው። የኋላዎቹን ለማስተካከል ደግሞ እንስሳውን ማደንዘዝ ያስፈልጋል።

ጅማ በመሆንዎ ዕድለኛ ነዎት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚያው ከተማዎ ነው። የእንስሳት ሐኪም እንደ ልብ ከማይገኝበት ከተማ ጋር አይወዳደርም። ሲሄዱ የፊት ጥርሱ ብቻ ታይቶ እንዳይመለሱ። «የኋላ ጥርሶቹንም ይዩልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ጆሮ የሚታይበት መብራት ያለው መሣሪያ ለዚህም ይሆናል፤ በአፉ ጎን አስገብተው ያዩበታል። ነጮ ካሮቱን ሲጥል በስልክዎ ቀርጸው ይውሰዱ። ጥንቸል ክሊኒክ ሲደርስ በፍርሃት ድርቅ ስለሚል ቤት ያዩትን እዚያ አያሳይም። እንዲደነዘዝ ከተወሰነ እንደ ውሻ ከማታ ጀምሮ በባዶ ሆድ እንዲያድር አያድርጉት። ጥንቸል አያስመልስም፤ የሆዱ ባዶ መሆን ነው የሚጎዳው። ይህን ከሐኪሙ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

እስከዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ነገር በዓይንዎ ይከታተሉ፤ የሚበላውንና በጠጡን። በጠጡ ካነሰ፣ ከደቀቀ ወይም ከቆመ አንጀቱ እየቆመ ነው። ለ12 ሰዓት ምንም ያልበላ ጥንቸል ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው። «ነገ ይበላ ይሆናል» አይባልም፤ በባጃጅም ቢሆን ያኔውኑ ይውሰዱት። ትንሽ በትንሹ እየበላ ከሆነ ደግሞ ለስላሳ ለምለም ሳር በመቀስ አሳጥረው ያቅርቡለት። ጭራሽ እምቢ ካለና ሐኪም ጋ ለመድረስ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ የታጠበ ለምለም ሳር በጁስ መፍጫ ከውሃ ጋር አድቅቀው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከአፉ ጎን ጠብ ጠብ ያድርጉለት። በፊት ለፊት አይግፉበት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

አደራ የምልዎት ነገር አለ። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝተው በአፉ እንዳይሰጡት። ለሰው የተለመደ መድኃኒት ስለሆነ ብዙዎች ያደርጉታል። ጥንቸል ግን ሳሩን የሚፈጨው በአንጀቱ ውስጥ ባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። ይህ መድኃኒት በአፍ ሲሰጥ እነሱን ይገድልና መጥፎዎቹ ይነግሣሉ። ጥንቸሉ በጥርሱ ሳይሆን በመድኃኒቱ ይሞታል።

አሁን ወደ ድርቆሹ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገርዎት። ለጥርሱ የሚጠቅመው ሳርነቱ ነው፤ መድረቁ አይደለም። ለምለም ሳርም እንደ ድርቆሹ ከጎን ወደ ጎን ያስኝከዋል። በውጭ አገር ስለ ድርቆሽ ብዙ የሚወራው ክረምታቸው በረዶ ስለሆነና ከተሜው ሳር ስለማያገኝ ነው። ጅማ ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አረንጓዴ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አገር ላይ ቁጭ ብሎ ለጥንቸል ፉርሽካ መግዛት ያሳዝነኛል። ሳሩ ደጃፍዎ ላይ ነው።

ስለዚህ ነጮ አፉ ተስተካክሎ ሲመለስ ሁለቱንም ይስጡት፤ በየቀኑ የታጨደ ለምለም ሳርና ሁልጊዜ ከቤቱ የማይጠፋ ድርቆሽ። ሰርዶ በጣም ጥሩ ነው። ሮደስ የሚባለውም ለድርቆሽ የተመቸ ነው፤ የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ጋ ይጠይቁ። ደሾ ሳር እርከን ላይ የሚተከለው ነው፤ ገና ለጋ ሳለ ይታጨድ። ዝሆኔ ሳርም ይሆናል፣ ግን ሲያረጅ አገዳው እንጨት ስለሚሆን ለጋውን ቅጠል ይምረጡ። የጤፍ ጭድ ለጭቃ ማቡኪያም ስለሚሸጥ በቀላሉ ይገኛል። ለመኝታ ያንጥፉለት፤ ቢቃመውም አይጎዳውም። ግን እሱ ብቻ ምግብ አይሆነውም፣ ንጥረ ነገሩ ትንሽ ነው። አልፋልፋ ካገኙ ደግሞ ለነጮ ዋና ምግብ አያድርጉት። ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ባደገ ጥንቸል ፊኛ ውስጥ እንደ ዝቃጭ ይከማቻል። ስድስት ወር ላልሞላው ግልገልና ለምታጠባ እናት ግን ጥሩ ነው።

ከየት እንደሚታጨድ ይጠንቀቁ። ከመኪና መንገድ ዳር አይሁን። የአዌቱ ወንዝ ዳር ሳሩ ያምራል፣ ግን የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት ነው። ከቦዬ ረግረግ የመጣ ሳርም ቢሆን ውሃ ውስጥ የቆመው የጉበት ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ከደረቅ መሬት የታጨደውን ይምረጡ። ውሻ የሚውልበት ግቢም ይቅር። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ ጠርጎ መስጠት የተለመደ ነው፤ ተረግጧል፣ አመድና ስኳር ነክቶታል፣ አይስጡት። በማሽን የታጨደ ሣርም ተከምሮ ሲውል ይሞቅና ይቦካል። ሆዱን ይነፋዋል።

የጅማ ችግር የሳር እጥረት አይደለም፤ ሳሩን ማድረቅ ነው። በክረምት የታጨደ ሳር ሳይደርቅ ይሻግታል። የሻገተ ድርቆሽ ደግሞ ከምንም ይከፋል፤ ሳንባውንም ጉበቱንም ይጎዳል። ድርቆሽዎን በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ ዝናቡ ሲያባራ ይሥሩ ወይም ይግዙ። ሳሩ ማበብ ሲጀምር፣ ዘር ሳይቋጥር፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይታጨድ። ቡና የሚሰጣበት የወንፊት አልጋ ካለዎት ወይም ከዘመድ ካገኙ ከሱ የተሻለ የለም፤ ነፋስ ከታችም ያገኘዋል። ስስ አድርገው ይበትኑት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጡት፣ ማታ ማታ ይሸፍኑት። ጥሩ ፀሐይ ካለ በሦስት ቀን ገደማ ይደርሳል። መድረሱን እንዲህ ይወቁ፤ አንድ እፍኝ ይያዙና ይጠምዝዙት። አገዳው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ተጣጥፎ ከቀረ ወይም መዳፍዎን ቀዝቀዝ ካደረገው ገና ነው። ቀለሙ አረንጓዴነት የቀረለት፣ ሽታው ደስ የሚል መሆን አለበት። ሲያራግፉት ብናኝ ከጨሰና ካስነጠሰዎት ለነጮ አይሁን።

ሲያስቀምጡት በፕላስቲክ ከረጢት አይቋጥሩት፤ ያልባል። ጆንያ ይሻላል፤ እሱም መሬት ላይ ሳይሆን ቆጥ ወይም ጣውላ ላይ ይቀመጥ። አንድ ጥንቸል በቀን የገዛ አካሉን የሚያክል ክምር ያስፈልገዋል። ብዙ ይመስላል። ግን ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ግማሹንም ይበትነዋል። ሳጥኑ ውስጥ አስሮ ማንጠልጠል ብክነቱን ይቀንሳል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ጥንቸል በጠጡን እየጣለ መብላት ይወዳል። ድርቆሹን ከሚጸዳዳበት ጥግ አጠገብ ያድርጉት፣ ያኔ ሲበላ ያዩታል።

ፉርሽካውን ባንድ ቀን አያቋርጡበት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት። ጠዋት ርቦት ሲነሳ መጀመሪያ ድርቆሽ ይቅረብ፤ ፉርሽካው ከሰዓት ይምጣ፣ በየቀኑም ይቀነስ። ድርቆሹ ላይ ትንሽ የድንብላል ቅጠል ቢበትኑለት እሱን ፍለጋ ሲገባ ሳሩን ያኝካል። በመጨረሻ ፉርሽካው ጭራሽ ቢቀር አልከፋም። ምክንያቱ ጥርስ አለመሞረዱ ብቻ አይደለም። ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው። ለዓመታት እሱን የበላ ጥንቸል መንጋጋ አጥንቱ ይሳሳል፤ ጥርሱም ሥሩ ይላላና ይጣመማል። ለዚህም ነው የጠዋት ፀሐይ ያግኝ የምለው፤ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ጥላ መሸሸጊያ ግን ይኑረው፣ ሙቀት አይችልም። ካሮት ስኳር ነው፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቁራጭ ይበቃል። ቅጠሉ ከሥሩ ይሻለዋል። ጎመን ትንሽ በትንሹ ይሁን፣ የስኳር ድንች ቅጠልም ይወዳል። ዳቦው ይቁም።

ጅማ ስለሆኑ ይህንን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። አቮካዶ ለጥንቸል መርዝ ነው፤ ፍሬውም፣ ልጣጩም፣ ቅጠሉም። ግቢዎ ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ ካለ ነጮን ከሥሩ አይልቀቁት፣ ልጆቹም ከሰሐናቸው እንዳያጎርሱት ይንገሯቸው። የቡና ቅጠልና ገለባ፣ ጫት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠልም አይቅመስ።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የጥንቸል ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ የሚኖረው፣ ፈረንጆች ቤታቸው የሚያሳድጉት ቺንቺላ 20 ጥርስ አለው፤ ሁሉም ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ። እሱም ቢሆን ድርቆሽ ያጣ ዕለት ታሪኩ ከነጮ አይለይም።

ከሕክምናው በኋላ በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ሰፈር ሱቅ ያለው ሚዛን ይበቃል። ክብደት መቀነስ ከለሃጩ በፊት የሚመጣ ምልክት ነው። ሲያሻሹት ጣትዎን በታችኛው መንጋጋው ጠርዝ ያሳልፉ። ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ የጥርስ ሥር ወደ ታች እየገፋ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይኑ ያለ ምክንያት ሁልጊዜ ካለቀሰም እንዲሁ፤ የላይኛው ጥርስ ሥር የእንባ ቱቦውን ይጫነዋል። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ለሐኪሙ እንደገና ያሳዩት። አንዳንዱ ጥንቸል መንጋጋው አንዴ ከተዛባ በየጥቂት ሳምንቱ መሞረድ ግድ ይሆንበታል። ለፊት ጥርስ ከሆነ ሐኪሞች ነቅለው ሊገላግሉት ይችላሉ፤ የፊት ጥርስ የሌለው ጥንቸል ሳሩ ተቆርጦ ከቀረበለት ደህና ይኖራል፣ አይደንግጡ። ችግሩ በተፈጥሮ አብሮት የመጣ ከሆነ ግን አያራቡት፣ ግልገሎቹም ይወርሱታል።

ሐኪሙ ካየው በኋላ የትኞቹ ጥርሶች እንደሾሉና ነጮ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ቢጽፉልኝ የምግቡን መጠን አብረን እናስተካክላለን።